የሁሩሙው ልጅ፤ የአቶ አናሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ



የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ከአባላት ጽሑፍ ሲሰበስብ እኔም እንደ አቅሜ አንድ ነገር እንዳቀርብ ስለታዘዝኩ፣ ዘንድሮ የአንድ የአገራችንን ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤ ቀርቤያለሁ። ሰውየው አቶ አናሲሞስ ነሲብ ይባላሉ። ከሞቱ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ከወለጋና ከኢሉባቦር የመጡት አባሎቻችን ስማቸውን አሳምረው ያውቁታል። ሌሎቻችን ግን ሰምተን ከሆነም በስም ብቻ ነው።

ሰውየው ለኛ ለኢታንግ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። የተወለዱበት ሁሩሙ በመቱና በያዮ መካከል ያለ አገር ሲሆን፣ በድሮው አከፋፈል ሁሩሙም ኢታንግም በአንድ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበሩ። በዚያ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ነው በየወንዙ ተሰብስቦ ባሮ ሆኖ በደጃፋችን የሚያልፈው።

ታሪካቸውን የመረጥኩበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። የኛ ዕድር እንደምታውቁት የብዙ ቋንቋ ዕድር ነው። አኙዋው አለ፣ ኑዌሩ አለ፣ ኦሮሞው አለ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም በሰፈራ ከወሎና ከከምባታ የመጣው አለ። ሃይማኖታችንም እንደዚሁ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ድንኳን ተካይ፣ ሁሉም ለቀስተኛ ነው። ነገር ግን አስተማሪው ተነሥቶ የማጽናኛ ቃል ሲናገር ግማሹ ሰው ሰምቶ ያለቅሳል፣ ግማሹ ሌላው ሲያለቅስ አይቶ ያለቅሳል። በአንድ ሠልስት ላይ አንዲት እናት አስተማሪው ምን እንዳለ ጎረቤቷን ጠየቀች። ጎረቤቷም ጥሩ ነገር ነው የተናገረው ብላ መለሰችላት። ሴትየዋ ልጇን የቀበረች ናት። ስለ ልጇ ነፍስ የተነገረው ሁሉ ጥሩ ነገር በሚል ሁለት ቃል አለቀ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ ትዝ ያሉኝ አቶ አናሲሞስ ናቸው። የሰውየው የዕድሜ ልክ ሥራ ይህንኑ ችግር ማቃለል ነበርና።

መጻሕፍቱ የታተሙት በውጭ ሰዎች ማተሚያ ቤት ስለሆነና ዘመኑ የተመዘገበው በነሱ ስለሆነ፣ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ። በኛ አቆጣጠር የጻፍኩትን ዓ.ም በሚል ለይቼዋለሁ።

እንግዲህ ልጁ የተወለደው በ1856 ገደማ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። ኦሮምኛ የምታውቁ እንደምትረዱት፣ ሂካ ማለት የሚፈታ፣ ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚፈታ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲህ ያለውን አይቶ መሆን አለበት። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። ከዚያም በ1869 ገደማ ልጁ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ።

ያ ዘመን ክፉ ዘመን ነበር። ሰው ከቤቱ ደጅ እየታፈነ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተነዳ፣ እንደ በግ እየተሸጠ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ይወሰድ ነበር። ከኛ ወገን ስንቱ እንደዚያ ሄዶ እንደቀረ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ልጁም ስምንት ጌታ ተፈራረቁበት። ስምንት ጊዜ ዋጋ ወጣለት ማለት ነው። መጨረሻ ምጽዋ ሲደርስ በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣው። ይህ ሙንዚንገር በኋላ ለግብፅ መንግሥት ምጽዋን ያስተዳደረው ነው። በዚያ ሥራው ለአገራችን ጠላት እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል፤ ለዚህ ልጅ ግን ደግ ዋለለት።

ነጻ የወጣው ልጅ በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ስፍራ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። እነዚህ ስዊድኖች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ሲሆን፣ መጀመሪያውኑ የተነሡት ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ነበር። መንገዱ ስለተዘጋባቸው ባሕር ዳር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እነሱ ሊደርሱበት ያልቻሉት አገር በባሪያ ነጋዴ እጅ ወደነሱ መጣላቸው።

ልጁ ትጉህ ተማሪ ሆነ። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። ስሙ ከሐዲስ ኪዳን የተወሰደ ነው። አናሲሞስ የፊልሞና አገልጋይ የነበረ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ደብዳቤ የጻፈለት ባሪያ ነው። በግሪክ ቋንቋ ትርጉሙ የሚጠቅም ማለት ነው ይላሉ። ነሲብ የሚለው ደግሞ የዐረብ ቃል ነው፤ ዕድል ፋንታ ማለት ነው። ሂካ የሚለው የእናትና የአባት ስም ግን ከዚህ በኋላ አልተጠራበትም።

ቀጥሎም ወደ ስዊድን አገር ተልኮ በዮሐኔሉንድ የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት የሥነ መለኮት ትምህርት ተማረ። ከዚህ በኋላ አቶ አናሲሞስ ብለን አንቱ ልንላቸው ይገባል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። በዚያን ዘመን አምስት ዓመት አውሮፓ የተማረ ኢትዮጵያዊ ስንት ነበር? በጣት የሚቆጠር ነው። ትልቅ ትምህርት የተማረ ሰው ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል። እኔ በመሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ያየሁት ነው። ገና ከኮርስ የተመለሰ ኃላፊ የሚጽፈውን ደብዳቤ ባለጉዳዩ ቀርቶ እኛ የምንተይበውም አናውቀው ነበር። ባለጉዳይ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ተመልሶ ምን ይላል ብሎ ይጠይቀናል። የሃይማኖት ትምህርትም ከዚህ አይለይም። ስለ ጸጋ፣ ስለ ጽድቅ፣ ስለ ኪዳን ሊቃውንቱ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ጽፈዋል። ማሳውን የሚያርሰው ሰው ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ለኔ ምን አለ ነው የሚለው።

አቶ አናሲሞስ ከስዊድን እንደተመለሱ ምሕረት ሃይሉ የተባሉትን ሴት አገቡና ወዲያው ወደ አገራቸው ለመግባት ተነሡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ ሚስዮናውያን እንዳይገቡ ከልክለው ስለነበር፣ ጓዶቹ በሱዳን ዞረው በቤኒ ሻንጉል በኩል ለመግባት ሞከሩ። አሶሳ ድረስ ደርሰው መንገዱ አልሆን አላቸው። ሲመለሱ አቶ አናሲሞስ በንዳድ ታመው ካርቱም ላይ ወደቁ። የንዳድን ነገር ለኢታንግ ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያው ላይ የመህዲ ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ሁሉ ታወከ። በኋላም እንደምንም እምኩሉ ገቡ።

ሁለተኛው ጉዞ በሸዋ በኩል ነበር። እንጦጦ ድረስ ደረሱ። ንጉሥ ምኒልክ ግን ከዐፄ ዮሐንስ የተሰጠ ትእዛዝ ስለነበረባቸው ወደፊት እንዳይሄዱ ከልክለው መለሷቸው። በ1886 አሁንም እምኩሉ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ ተመለሱ።

ታዲያ እግራቸው መድረስ ካልቻለ ቃላቸው ይድረስ ብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዙ። ከሳቸው በፊት ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ የተወሰኑ ክፍሎችን በኦሮምኛ አሳትሞ ነበር። ሙሉውን መጽሐፍ አገሬው በሚናገረው አነጋገር የማውጣቱ ሥራ ግን የጠበቀው አቶ አናሲሞስን ነው።

ሥራውን ሲጀምሩ ያላሰቡት ችግር ገጠማቸው። ነገሩ ወዲህ ነው። ቋንቋቸውን የተለዩት ገና በልጅነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የኖሩት በዐረብኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛና በስዊድንኛ መካከል ነው። ያላቸው ኦሮምኛ የልጅ ኦሮምኛ ነው። ልጅ ደግሞ ስለ ከብትና ስለ ጨዋታ ያውቅ እንደሆን እንጂ፣ ሽማግሌ በሸንጎ የሚናገረውን፣ እናት ለቅሶ ላይ የምታወርደውን፣ ሰው ሲማልና ሲታረቅ የሚለውን ከየት ያመጣዋል? ሥነ መለኮቱ በእጃቸው ነው፤ ቃሉ ግን የለም። ምሁር ነኝ የሚል ሌላ ሰው ቢሆን ባለው ቃል አድበስብሶ ያልፈው ነበር። የሚያርመው ሰው የት አለና?

አቶ አናሲሞስ ግን ወደ አንዲት ልጃገረድ ሄዱ። አስቴር ጋኖ ትባላለች። አስቴርም እንደሳቸው በባርነት የተወሰደች የሊሙ እናርያ ልጅ ናት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ስትጫን የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧትና እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። ትምህርቷ ገና ጀማሪ ነው። ኦሮምኛዋ ግን ሙሉ ነው። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌያዊውን አነጋገር፣ ዘፈኑን ሁሉ ከቤቷ ይዛው መጥታለች። የባሪያ ነጋዴ ልብሷንና ስሟን ቢወስድባት ይህን ሊወስድባት አልቻለም።

እንግዲህ የአምስት ዓመቱ የስዊድን ተማሪ ከልጅቷ ፊት ተቀምጠው ይህ ነገር በኦሮምኛ ምን ይባላል እያሉ ጠየቁ። እሷም የቃላት መዝገብ አዘጋጀች። ያ መዝገብ ለትርጉሙ ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነ። ሐዲስ ኪዳን በ1893 በሚስዮኑ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ስፍራ ታተመ። የታተመውም በግእዝ ፊደል ነው። እርግጥ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚረዝመውንና የሚያጥረውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ ለኦሮምኛ አንዳንድ ቦታ ያስቸግራል። ቢሆንም ያን ጊዜ አገሩ የሚያውቀው ፊደል እሱ ነበር።

ከኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጬ አንዳንድ ቃሎችን ጠይቄ ነበር። አሁን በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም ዋቀዮ ነው። ዋቃ ሰማይም ማለት ነው፣ ፈጣሪም ማለት ነው። ሽማግሌው ከብቱ ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲወለድ የሚጠራው ስም ነው። የድሮ እምነት ስም ነው ተብሎ ሊጣልና ከሌላ ቋንቋ ስም ሊመጣ ይችል ነበር። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሰውየው አዲስ ባዕድ አምላክ የመጣበት ይመስለው ነበር። ዋቀዮ ሲባል ግን አያቱ ሲጠራው የነበረው መሆኑን ያውቃል፤ አሁን ስለሱ ተጨማሪ ሊሰማ ነው።

ኪዳን የሚለውንም እንይ። ሐዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ካኩ ሐራ ይባላል። ካኩ መሐላ ነው። ለኛ ኪዳን ሲባል ቅዳሴውና ዜማው ነው የሚታወሰን፤ ምን ማለት ነው ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን እንንተባተባለን። መሐላ ግን የማያውቅ ገበሬ የለም። በድንበር ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት የማለ ሰው፣ መሐላ ማፍረስ በዘር የሚተላለፍ ጣጣ መሆኑን ያውቃል። እግዚአብሔር ለሰው አዲስ መሐላ ማለ ሲባል አስተርጓሚ አይፈልግም። የሊቃውንቱ ትልቁ ክርክር በአንድ የሸንጎ ቃል ጎጆው ገባ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ለጎን ያወጧቸው ትንንሽ መጻሕፍት ናቸው። ትልቁን መጽሐፍ ብቻ አትመው ቢተዉት፣ ፊደል የማያውቅ ሕዝብ ምን ያደርግበታል? ስለዚህ ከታች ጀመሩ። አስቀድመው በ1887 መዝሙር አሳተሙ። መዝሙር ፊደል አይጠይቅም፤ አንዱ ካወቀ አገሩ ያውቃል። በ1894 ደግሞ ከአስቴር ጋር ሆነው የኦሮምኛ ፊደል መማሪያ አወጡ። የመጽሐፉን የያኔ ስም፣ በዚያን ጊዜ ለኦሮሞ ይሰጥ የነበረው ስያሜ ዛሬ የተወገደ ስለሆነ አልጽፈውም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ንባብ በአብዛኛው አስቴር ያቀረበችው የአገሬው ተረትና ምሳሌ ነው። ይህ ብልኅነት ነው። ልጁ ፊደል ሲለይ የሚያነበው አያቱ እሳት ዳር የነገረችውን ተረት ነው። የሚያውቀውን ነገር ሲያነብ ንባብ አያስፈራውም። ንባብ ከለመደ በኋላ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በ1899 ደግሞ የማርቲን ሉተርን ትምህርተ ሃይማኖት፣ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀውን፣ አወጡ። እንዲሁም ባርት የተባለው ጀርመናዊ ያዘጋጀውን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ሃምሳ ሁለት ታሪክ የያዘ ነው። ከብሉይ ሃምሳ ሁለት፣ ከሐዲስ ሃምሳ ሁለት። የዓመት ሳምንታት ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ። በየሰንበቱ አንድ አንድ ታሪክ ቢነበብ በዓመት አንዱ ኪዳን ያልቃል፣ በሁለተኛው ዓመት ሌላው። መጽሐፍ ቅዱሱን ሙሉ መግዛት ያልቻለ ወይም ማንበብ የከበደው ቤተሰብ በሁለት ዓመት ውስጥ ታሪኩን ሁሉ ሰማ ማለት ነው።

ሌላው የሰው ልብ የሚባለው መጽሐፍ ነው። ጎስነር የሚባል ጀርመናዊ በ1812 ያወጣው ሲሆን በብዙ የዓለም ቋንቋ ተተርጉሟል። ይህ መጽሐፍ በሥዕሎቹ የታወቀ ነው። የሰው ልብ ተሥሎ በውስጡ እንስሳት ይታያሉ። ፒኮክ የምትባለው ላባዋን የምትነሰንሰው ወፍ ትዕቢት ናት፣ እባቡ ቅናት ነው፣ አሳማው ሆዳምነት ነው። ንስሐ ሲገባ እንስሳቱ ከልቡ ሲወጡ ይታያል። አቶ አናሲሞስ ይህንንም ወደ ኦሮምኛ መለሱት፤ የሰው ልብ የእግዚአብሔር ቤት ወይስ የሰይጣን ማደሪያ በሚል ዓይነት ርእስ። ስለ ኃጢአት ጠባይ በትልልቅ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ትምህርት እንደዚህ አድርጎ ለገበሬ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሚከብደው ሳያጎድሉ ማቅለሉ ነው። አሳንሰው የተናገሩ እንደሆነ ነገሩ ተረት ይሆናል፣ እንዳለ የተናገሩ እንደሆነ ሰሚ አይገኝም።

ላለማዳላት አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛችንም በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው። መጽሐፉ በግእዝ ብቻ ሆኖ ሕዝቡ ከሊቃውንቱ አፍ ብቻ በትርጓሜ ሲሰማ ኖሮ፣ አቡ ሩሚ የተባሉ የአገራችን ሰው በካይሮ ተቀምጠው ለአሥር ዓመት ያህል ደክመው ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሱት። ሙሉው በ1840 ሲታተም እሳቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። የየኔታዎቹ አንድምታም ቢሆን ግእዙን በአማርኛ እያፍታታ ለተማሪው የሚያወርድ ትልቅ ትምህርት ነው። እኔም የተዋሕዶ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ያሳፍረኛል።

አቶ አናሲሞስ በመጨረሻ በ1904 ወለጋ ገቡ። ከተሰረቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሲሄዱ ታስረው ነው፤ ሲመለሱ መጽሐፍ ጭነው ነው። ከሳቸው በፊት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የሚባሉ የኤርትራ ሰው ቦጂ ደርሰው ሲያስተምሩ ቆይተዋል። አስቴርም አብራ መጥታ ማስተማር ጀመረች። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በፊት ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ የተባሉት፣ አቶ አናሲሞስን በመልካም ተቀበሏቸውና ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በኦሮምኛ መስበክ ሲጀምሩ ነገር መጣ። ሰዉ ይሰማል፣ ይሰበሰባል። በአካባቢው የነበሩት ካህናት ግን ኦሮምኛ የማያውቁ ስለነበሩ ምን እንደሚባል አልገባቸውም። ሰው ያልገባውን ነገር ይፈራል፤ በቅናትም የተነሣሡ ነበሩ። እመቤታችንን ተሳድበዋል የሚል ክስ ቀረበባቸው። በ1906 በግንቦት ወር አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። እንግዲህ እዚህ ላይ በሃይማኖት የምንለያይ አባላት አለንና ፍርድ መስጠት የኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ካህናቱ ቋንቋውን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ ክርክር በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕዝቡን ለብዙ ዓመት በማያውቀው ቋንቋ ያስተማሩት ካህናት፣ በተራቸው የማያውቁት ቋንቋ ሲነገር ቆመው መስማት ግድ ሆነባቸው።

ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሻሉት። አቶ አናሲሞስ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ወሰኑ። እንደገና ተለቀቁ፤ አፋቸው ግን ታሰረ።

ምን አደረጉ? በትምህርት ቤታቸው ተቀምጠው ፊደል አስተማሩ። መስበክ ተከለከለ እንጂ ሀ ሁ ማስተማር አልተከለከለም። መጻሕፍቱም ነበሩ። በዚህ ሁኔታ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ባለሥልጣን ሲለዋወጥ፣ ካህናቱ ሲነሡ፣ እንደገና ከአገር ትወጣላችሁ የሚል ፍርሃት ከላያቸው አልተለየም ነበር። አሥር ዓመት ዝም ማለት ለተናጋሪ ሰው ቀላል ቅጣት አይደለም። ሆኖም በኋላ እንደታየው፣ በዚያ አሥር ዓመት ማንበብ የተማሩት ልጆች ከስብከቱ የበለጠ ሥራ ሠርተዋል።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። በዚያው ዓመት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱን የሻረው አልነበረም። ስለሆነም አቶ አናሲሞስ ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ያህል መጽሐፋቸውን እያከፋፈሉ፣ እየሰበኩ፣ እያስተማሩ ኖሩ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም አረፉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ገደማ ነበር።

ከሳቸው በኋላ ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም የወጣው የሚስዮን ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። በአገር ቋንቋ ማስተማር ለጊዜው ብቻ የሚፈቀድ ነገር ሆነ። በኦሮምኛ መጻፍና ማተም ለረጅም ጊዜ የተጠላ ነገር ሆኖ ቆየ። ያ በ1899 የታተመው መጽሐፍ ግን በየቤቱ ነበር። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም ስትቋቋም፣ በወለጋ በኩል ከነበሩት ምእመናን ብዙዎቹ የዚያ መጽሐፍ አንባቢዎችና የአንባቢዎቹ ልጆች ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ የዛሬ ወጣቶች የአቶ አናሲሞስን እትም እንዳለ ማንበብ ያስቸግራቸዋል። ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም በግእዙ ፊደል ያነቡታል። ከአባሎቻችን አንድ ሁለቱ ቤት አይቻለሁ፤ ሽፋኑ በጨርቅ ተሰፍቶ ተይዟል።

ወደኛ ወደ ባሮ ዳርም ቢሆን ይኸው ሥራ መጥቷል። ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ ሲኬድ ባለው በፖኩዎ የአሜሪካ ፕሬስቢተሪያን ሚስዮናውያን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተቀምጠው ከአኙዋ ሰዎች ጋር ሲሠሩ ነበር። የአኙዋም የኑዌርም መጽሐፍ አለ። አኙዋ ወይም ኑዌር ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ ይህ በናንተ ምን ይባላል ብሎ የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው የተገኘው። የዕድራችን ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴ በሚቀጥለው ዓመት ለቅሶ ላይ የሚነገረውን ቃል በሁለት በሦስት ቋንቋ የሚያስተላልፉ ሰዎችን ከአባላት መካከል እንዲመድብ የቀረበውን ሐሳብ እኔ እደግፋለሁ። ለዚህ መዋጮ መጨመር አያስፈልግም፤ ሰዉ አለን። ሲመደብም አፉን የፈታበትን ቋንቋ ያልረሳ ሰው ይሁን፤ ዲግሪ ያለው መሆን የለበትም።

የአስቴርን ነገር ሳልጽፍ ማቆም አልፈልግም። ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ከአቶ አናሲሞስ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የሞቱት። ሥራቸው ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የአቶ አናሲሞስ ስም ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከቃላት መዝገቡ ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ወደ ኦሮምኛ በመመለስ ሠርተዋል፣ መዝሙሩን በማዘጋጀት ረድተዋል፣ በወለጋ ሕፃናትን አስተምረዋል። ከእናታቸው አገር ይዘውት የመጡትን አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈንም በጽሑፍ አስቀምጠዋል። ከዚያ ውስጥ ብዙው በፊደል መማሪያው ታትሞ ወጥቷል፤ የቀረው ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ቆይቷል።